ትልቅ ጎማና ጥፍር የምታህል ክፍተት

ሠላሳ አራት ዓመት መኪና ሥር ተኝቼ ባለፈው ሰኔ ጡረታ ወጣሁ። ባለቤቴ “ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ ጋደም ይላል፤ አንተ ዕድሜ ልክህን ጋደም ብለህ ስለኖርክ አሁን ተነስተህ ሥራ” እያለች ትቀልድብኛለች። እውነቷን ነው። የዕድሜዬን እኩሌታ ቀና ብዬ ያየሁት ሰማይ ዘይት የሚያንጠባጥብ ነበር።

የተሰናበትኩ ቀን ለጋራዣችን አዲስ የመጣውን መመርመሪያ ኮምፒውተር ሲሞክሩ አየሁ። ገመዱን ከመሪው ሥር ሰኩትና የበሽታው ስም በስክሪኑ ላይ ወጣ። አልቀናሁም ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ቀናሁም፣ ተደነቅኩም። ከቴክኒሻኖቹ አንዱ “ጋሽ ተክሌ፣ እንግዲህ ይሄ የማያውቀው በሽታ ይኖራል?” ሲለኝ አፌ ላይ የመጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትልቅ ጎማ የተገጠመለት መኪና መንቀጥቀጥ። እሱን ሰው ነው የሚሰማው፤ ያም ሰው ሁልጊዜ መካኒኩ አይደለም። እኔ ይህን የተማርኩት ዘግይቼ ነው፤ ያውም በሌላ ሰው እንጀራ ላይ።

ሥራ የጀመርኩት እዚሁ ቦንጋ በአንድ የግል ጋራዥ ነው። ቀጥሎ ዋጫ አካባቢ መንገድ ሲሠራ ከማሽኖቹ ጋር ሦስት ዓመት ከረምኩ። እዚያ ያስተማረኝ ጭቃው ነው። የዋጫ ጭቃ ጎማውን ብቻ አይዝም፤ ጎማውን በሚሸከመው ብረት፣ በቸርኬው ሆድ ውስጥ ገብቶ በአንድ ወገን ይደርቃል። አንድ ኪሎ የማይሞላ ደረቅ ጭቃ ያን ሁሉ ቶን ብረት ሲያንዘፈዝፈው ሳይ አፌን ይዤ ቀረሁ። በመጨረሻ ቦንጋ ተመልሼ የመንግሥት ጋራዥ ተቀጠርኩ። ደመወዙ ትንሽ፣ ፎርሙ ብዙ ነበር፤ ስለ ሁለቱም ከዚህ በላይ አልናገርም።

ጋራዡ ቁልቁለት ላይ ነው። ቦንጋን ለሚያውቅ ይህ ወሬ አይሆንም፤ ሜዳ ካላገኘሁ ጋራዥ አልከፍትም የሚል ሰው ጂማ ድረስ መሄድ አለበት። እኛ ከጎማ ሥር ድንጋይ እየወተፍን እንሠራ ነበር።

ዋና መካኒኩ ጋሽ ወልደሚካኤል የጂማ ሰው ናቸው። ዝምተኛ ናቸው፤ ሲናገሩም ቃል የሚከፈልበት ይመስል ቆጥበው ነው። “ይንቀጠቀጣል” የተባለ መኪና ሲመጣላቸው የመሣሪያ ሳጥናቸውን አይከፍቱም። መጀመሪያ ጫማቸውን ያወልቃሉ። ባዶ እግራቸውን ወለሉ ላይ አሳርፈው መኪናውን መንቀጥቀጡ እስከሚጀምርበት ፍጥነት ድረስ ይነዱታል። መሪው ከተርገበገበ ነገሩ ከፊት ጎማ ነው፤ መቀመጫው ከሆነ ከኋላ። ከዚያ እየሄዱ ካምቢዮውን ባዶ ላይ ያደርጉታል፤ መንቀጥቀጡ ካልቆመ ሞተሩ ነፃ ነው፣ ጥፋቱ የሚሽከረከረው ነገር ዘንድ ነው። ይህን ሁሉ እኔም ቶሎ ተማርኩት። ያልተማርኩት የሚቀጥለውን ነው። መሪውን ለሌላ ሰው ይለቁና ከጎኑ ይቀመጣሉ፣ ቀጥሎ ከኋላ፣ ቀጥሎ ሰው የማይቀመጥበት ዕቃ መጫኛው ላይ። በመጨረሻ በዚያ መኪና የተሳፈረን ሁሉ ይጠይቃሉ።

አንድ ጊዜ የፒክአፕ ጀርባ ላይ ዶሮ ይዘው የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ጋሽ ወልደሚካኤል ጠጋ ብለው “አባቴ፣ ዶሮዎቹ ወደ የት ሸሹ?” አሏቸው። እኛ ሳቅን። ሽማግሌው ግን ኮስተር ብለው “ሁሉም ቀኝ ጥግ ሄደው ተደራረቡ” አሉ። የግራውን የኋላ ጎማ ስንፈታ ኩሽኔታው ተበልቶ ዱቄት ሆኗል። ከዚያ ቀን በኋላ በእሳቸው አልሳቅኩም። እንዲህ ያለ ጥበብ በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር።

ሌላው ልማዳቸው ጎማ ማጥበቅ ነው። መኪናው በክሪክ ተሰቅሎ፣ ጎማው አየር ላይ እንዳለ፣ አንዱን ዳዶ ትንሽ፣ ትይዩውን ትንሽ፣ በመሃሉ ጎማውን በመዳፋቸው አዙረው ያዩታል። ለአንድ ጎማ ሩብ ሰዓት። የሚቸኩል ሾፌር ሲነጫነጭባቸው “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” ይሉና ይቀጥላሉ። ጡረታ ወጥተው ጂማ ሲገቡ ቦታቸውን እኔ ወረስኩ። ቦታቸውን እንጂ ትዕግሥታቸውን አልወረስኩም።

በደካ በኩል ካለ አንድ ጤና ጣቢያ የሚመጣ አምቡላንስ ነበረን። ሾፌሩ አስራት ይባላል፤ መኪናውን በራሱ ሳሙና የሚያጥብ፣ የሁለት ልጆች አባት። ክረምት ሲገባ አምቡላንሱ ሆዱ ጭቃ ላይ እየተቀመጠ እናቶች መንገድ ላይ ይቀሩ ነበር። የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ አዋጣና ከአዲስ አበባ ከነቸርኬው ትልልቅ ጎማ አስመጣ። አስራት ጎማውን ይዞ ጋራዥ ሲገባ ሙሽራ ያመጣ ይመስል ነበር።

የገጠምኩት እኔ ነኝ። ዝናብ ይወርዳል፣ ሦስት መኪና ወረፋ ይጠብቃል። በየጎማው ሁለት ሁለት ዳዶ ያዝ አደረግኩና መኪናውን ከክሪክ አወረድኩት፤ የቀረውን ቁልቁለቱ ላይ እንደቆመ፣ ክብደቱ ጎማው ላይ እንዳረፈ አጠበቅኩት። እንዲህ ሲሆን ጎማው ስለማይዞር ለማጥበቅ ይቀላል። ሁላችንም እንዲያ ነበር የምናደርገው።

አስራት በአሥረኛው ቀን መጣ። “ጋሼ፣ ስልሳ ስገባ መሪው ይርገበገባል።”

ጎማ ባላንስ የሚያደርግ ማሽን ቦንጋ ስለሌለ ጂማ ላክሁት። ማመዛዘኛ እርሳስ ለጥፈውለት ደህና ሆኖ መጣ። ሳምንት ሳይሞላ ጎማው ተንፍሶ ጎሚስታ ቤት ተፈታና እንደገና ታሰረ፤ መንቀጥቀጡ ተመለሰ።

“ግን አሁን እጄ ላይ አይደለም፣ መቀመጫዬ ላይ ነው” አለኝ። “ጋሼ፣ ይሄ ነገር ጎማ በተፈታ ቁጥር ቦታ ይቀያይራል። ጸበል እናስረጨው እንዴ?”

ተሳሳቅን። ዳግመኛ ጂማ ላክሁት፤ ማሽኑ “ምንም የለበትም” አለ። ሦስተኛ ሲመጣ ተሰላቸሁ። ጫማዬን ሳላወልቅ ብቻዬን እስከ ከተማው ዳር ነዳሁት። መሪው ጸጥ ብሏል። ከኋላ ልቀመጥ አላልኩም።

“ትልቅ ጎማ ነው አስራት። ትልቅ ጎማ ይንቀጠቀጣል፤ ትለምደዋለህ።”

“እኔስ እለምደዋለሁ ጋሼ። የምጭናቸው ሰዎች ናቸው ያሳሰቡኝ።”

“እንግዲያው ስልሳ አትግባ!” አልኩና ፎርሙ ላይ “ተፈትሾ ደህና ሆኖ ተገኝቷል” ብዬ ፈረምኩ። ሰውየው ሙሉ ምርመራውን በአፉ ሰጥቶኛል፤ ጎማ በተፈታ ቁጥር ቦታ ይቀያይራል ብሎኛል። እኔ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት።

የቡና ለቀማ ሰሞን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አልማዝ የምትባል ምጥ የያዛት ሴት ጭኖ ወደ ቦንጋ ሲመጣ የግራው የኋላ ጎማ ወለቀ። አምቡላንሱ መንገዱን ፍቆ ፍቆ ከቦይ ገባና ዳገቱ ላይ ተደገፈ። አብራ የነበረችው አዋላጅ፣ ሲስተር ምሕረት፣ ክንዷ ተሰበረ። ቡና ይለቅሙ የነበሩ ሰዎች ሮጠው ደርሰው አልማዝን ከነቃሬዛው ተሸክመው ቅርብ ካለው ጤና ኬላ አደረሷት፤ እዚያ በሰላም ተገላገለች። እናትም ልጅም ተረፉ።

አስራት ግን አልተረፈም። በፍጥነት ሲያሽከረክር ነው ተባለ። ከሥራ ታገደ፣ መንጃ ፈቃዱ ተያዘ፣ ጉዳዩን የሚያይ ኮሚቴ ተቋቋመ። ጥፋተኛ ከተባለ እንጀራው አበቃ፤ ሰው ገልብጧል የተባለን ሾፌር ማን ይቀጥረዋል? ዋናው ማስረጃ ደግሞ የእኔ ፎርም ነው። ጋራዡ ደህና ነው ካለ ጥፋቱ የሾፌሩ ነዋ።

ጋራዥ መጥቶ ፊቴ ቆመ። ጢሙን አልተላጨም።

“ጋሼ፣ ሃምሳ አምስት ነበር የምሄደው። አንተ ታምነኛለህ?”

“ኮሚቴው ያየዋል” አልኩት። ዓይኔን በጨው አጥቤ እንዲህ አልኩ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ።

ያን ቀን ምሳዬን ትቼ ጂማ ደወልኩ። ጋሽ ወልደሚካኤል ድምፃቸው ደክሟል፤ ግን እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

“ጎማው መሃሉን በምን አወቀ?” አሉኝ።

“በቡሎኖቹ ነዋ ጋሼ።”

“ቡሎን ያስራል እንጂ መሃል አያሳይም።” አሉኝና ጠየቁ፤ “ኋላ የተኛችውን ሴትዮ ጠየቅሃት?”

“አልጠየቅኳትም።”

ስልኩን ዘጉት። ደህና ሁን እንኳ አላሉኝም።

በማግስቱ በሚኒባስ ወደ ደካ በኩል ሄድኩ። አልማዝ ልጇን ታቅፋ ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች፤ ሦስተኛ ልጇ ነው። የጋራዡ ሰው መሆኔን ስነግራት ተቀመጥ አለችኝ፤ በአካባቢው ቋንቋ በካፊኖኖ አወራን። ምን እንደተሰማት ጠየቅኳት። አንድ ሰው እስኪጠይቃት ስትጠብቅ የኖረች ይመስል ቀጥ ብላ ጀመረች።

“መንገዱ ለስለስ ሲል በግራ ጎኔ ሥር የሚመታ ነገር ነበር። መኪናው ዝግ ሲል እሱም ዝግ ይላል፣ ፈጠን ሲል ይፈጥናል። በኋላ ደግሞ ሊወልቅ እንደደረሰ ጥርስ ሆነ፤ ይመታል፣ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ ይመታል። ለሲስተሯ ነገርኳት። እሷ ከሩቅ አገር የመጣች ናት፣ ቋንቋችንን አትሰማም፤ ምጥ መስሏት እጄን ይዛ ‘አይዞሽ፣ አይዞሽ’ አለችኝ።” ሳቀች። “ሦስት ወልጄ ምጤን ከመኪና አልለየው?”

“መኪናው ይሮጥ ነበር?”

“የት ሮጦ! እኔ ፍጠን እያልኩ እጮኻለሁ፣ እሱ እንደ ለቅሶ ቤት ሰው ቀስ ይላል። እስከ ዛሬ ተቀይሜዋለሁ።”

እጄን በአፌ ላይ ጫንኩ። ምጥ ላይ ያለች ሴት፣ በጀርባዋ ተኝታ፣ እኔ በሠላሳ ዓመት ልምዴ ያላገኘሁትን ከነጎኑ፣ ከነፍጥነቱ፣ ከነመባባሱ አንድ በአንድ ነገረችኝ። እግሯ ላይ ብወድቅ ደስ ባለኝ። ነገሩ እንዲጣራ ቦንጋ መጥታ ትናገር እንደሆነ ስጠይቃት “ለዚያ ቀርፋፋ?” አለችና እሺ አለች።

ቦንጋ ተመልሼ አምቡላንሱ ወደቆመበት ግቢ ገባሁ። በግራ በኩል የተሰበሩትን ቡሎኖች አየሁ፤ ስብራታቸው ከፊሉ የደበዘዘና ዝገት የነካው፣ ከፊሉ ብቻ አዲስና የሚያበራ ነው። ብረት በአንድ ቀን አልተሰበረም ማለት ነው፤ ብዙ ቀን ሲሰነጠቅ ከርሟል። ከዚያ ያልወለቀውን የቀኝ ጎማ በክሪክ ሰቅዬ ፈታሁ። ጎማው የሚቀመጥበትን እምብርት፣ እኛ ሞዞ የምንለውን፣ በጨርቅ ጠርጌ ጎማውን ያለ ዳዶ እንዲያው ሰቀልኩበት። የድሮው ቸርኬ መሃሉ ያለው ቀዳዳ ሞዞውን እንደ ክዳን ልክክ አድርጎ ይይዘው ነበር። ይህኛው በራሱ ክብደት ዝቅ ብሎ ተቀመጠ። የትንሿን ጣቴን ጥፍር ከታች በኩል ሰደድኩት፤ ገባ። ከላይ ሞከርኩ፤ አልገባም።

ይኸው ነው። አዲሱ ቸርኬ ቀዳዳው ከሞዞው የሰፋ ነው፤ የሰፋውም በጥፍር ያህል ነው። ጎማው መሃሉን የሚያሳየው ስላጣ፣ እኔ ቁልቁለት ላይ ክብደት አሳርፌ ሳጠብቀው እንደተንጋደደ ታሰረ። በተፈታ ቁጥር ሌላ ቦታ ይቀመጣል፤ አስራት ቦታ ይቀያይራል ያለው እሱ ነው። የጂማው ማሽን ደግሞ ጎማውን በራሱ ቀዳዳ መሃል አጥብቆ ስለሚይዘው እዚያ ላይ ንጹሕ ነው፤ መኪናው ላይ ሲመለስ ታማሚ። ብዙ ሰዓት እዚያው ተቀመጥኩ። ጥፍር የምታህል ነገር በየዙሩ አንድ ጊዜ ትነካለች፣ ጎማው በሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ይዞራል፣ ከደካ ቦንጋ ስንት ሺህ ጊዜ ነው፣ አውራ ጣት የሚያህል ብረት በዚያች ጥፍር ተሰበረ። እግዚአብሔር ይህን ዓለም ሲሠራ ለትንሽ ነገር ይህን ያህል ጉልበት ለምን እንደሰጠው አላውቅም። ፈራሁም፣ ተደመምኩም።

ኮሚቴው የተሰበሰበ ቀን ጎማውንና ሞዞውን በጋሪ አስጭኜ ስብሰባ ክፍሉ ድረስ አስገባሁ። ሰብሳቢው ጥፍራቸውን በክፍተቱ እንዲያስገቡ ለመንኳቸው። አስገቡት። አልማዝም ልጇን አዝላ መጥታ የነገረችኝን ሁሉ ነገረቻቸው፤ አስራት ቀርፋፋ መሆኑን ስትናገር ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አስራት ብቻ አልሳቀም፤ አንገቱን ደፍቶ ነበር።

“ታዲያ ይህን ጎማ የገጠመው ማነው?” አሉ ሰብሳቢው።

“እኔ ነኝ። ዝናብ ስለነበር መኪናውን አውርጄ አጠበቅኩት። ሦስት ጊዜ አቤት ብሎኝ ያልሰማሁትም፣ ኋላ ሳልቀመጥ ደህና ነው ብዬ የፈረምኩትም እኔ ነኝ።”

የእኛው ኃላፊ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ “ጋሽ ተክሌ፣ ጡረታዎ እኮ ሁለት ዓመት ነው የቀረው። የሚሉትን ያውቃሉ?” አለኝ።

“ዛሬ ገና አወቅኩት” አልኩ።

አስራት ወደ ሥራው ተመለሰ። ለእኔ ደግሞ ደብዳቤ መጣልኝ፤ ከዋና መካኒክነት ተነስቼ ጡረታ እስክወጣ መለዋወጫ መጋዘን እንድሠራ፣ ማንኛውንም ተሽከርካሪ በእጄ እንዳልነካ። አልተከራከርኩም፤ አነሰ እንጂ አልበዛም። ደብዳቤው ከመድረሱ በፊት አንድ ነገር ጨርሼ ነበር። ወፍራም የውሃ ቧንቧ ቁራጭ ለምኜ፣ በቶርኖ ብረት የሚጠርብ ሰው ዘንድ ወስጄ፣ በቸርኬውና በሞዞው መካከል ልክክ ብለው የሚገቡ አራት ቀለበቶች አስጠርቤያለሁ። አሁን ጎማው መሃሉን የሚያሳየው አገኘ።

አምቡላንሱ ተጠግኖ ወደ ደካ ሊመለስ ባለበት ቀን መጋዘኔ ውስጥ ዕቃ ስቆጥር አስራት በሩ ላይ መጥቶ ቆመ። ከኮሚቴው ቀን ወዲህ ተነጋግረን አናውቅም። በእጁ የጎማ መፍቻ ይዟል።

“ጋሼ፣ ና ጎማውን አጥብቅልኝ።”

“አጥብቀውልሃል እኮ።”

“አጥብቀዋል። አንተ ፈተህ ካላጠበቅከው ግን አልሄድም።”

“አስራት፣ ደብዳቤ አለብኝ። ደግሞስ እኔ ያጠበቅኩት ምን እንዳደረገህ ረሳኸው?”

“አልረሳሁም።” መፍቻውን ዘረጋልኝ። “ያን ጊዜ አምኜህ አይደለም ጋሼ፤ ዋና መካኒክ ስለሆንክ ዝም ብዬ ተቀበልኩህ። ያመንኩህ ያን ቀን ነው፣ ሁሉም ሰው ፊት እኔ ነኝ ስትል።”

መፍቻውን ተቀብዬ ወጣሁ፣ አምቡላንሱን በክሪክ ሰቀልኩት። ኃላፊው ከቢሮው ብቅ ብሎ አየን፤ ትንሽ ቆመና በሩን ዘግቶ ገባ። ካፊያ ጀመረ። አስራት ጃኬቱን አውልቆ በላዬ ዘረጋልኝና እኔ ከጎማ ወደ ጎማ ስዞር እሱም አብሮኝ ዞረ። አንዱን ትንሽ፣ ትይዩውን ትንሽ እያልኩ አራቱን ለመጨረስ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብኝ። ተነስቼ እግዜር ይስጥልኝ ልለው አፌን ስከፍት፣ እሱ ቀድሞ ያንኑ አለኝ።